ለእሽቅድድም የተሰፋ ጥቁር ቀሚስ

ስም አልጠራም፤ ሰዎቹን ግን አንድ በአንድ ላስተዋውቅ። መጀመሪያ እኔ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ የምኖር፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምነዳ፣ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያለውን ትምህርት ከመጻሕፍት በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ሦስተኛዋ ልጃችን፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በሥራ ቀን ቢሮ ትውላለች፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እጇ በሞተር ዘይት ይጠቁራል። አራተኛዋ ታላቅ እኅቴ፤ እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ልብስ ሰፊ ናት፣ ስትናገር ጎረቤት ይሰማል። አምስተኛው ልጄ የምታግዘው አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው፤ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት የአንዲት ትንሽ የእሽቅድድም መኪና ባለቤት። ስድስተኛው የባለቤቴ ወንድም ነው። እሱ ከእኛ ጋር አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ሞቷል። ያለ እሱ ግን ይህን ነገር መጻፍ አይቻልም፤ ባለቤቴ ጥቁር የለበሰችው ለእሱ ነውና።

ወንድሟ አባት ሆኖ ያሳደጋት ሰው ነው። ሲታመም መንገድ ተዘግቶ ነበር። አውሮፕላን አዲስ አበባ ቢያደርሳት እንኳ ከዚያ ወዲያ ወንድሟ ወዳለበት ከተማ የሚገባ መኪና አልነበረም። ስልክ ስትጠብቅ ሰነበተች፤ በመጨረሻ የመጣው መርዶ ነው። ከምንኖርበት ሕንፃ ስር ባለው የስብሰባ ክፍል አረዷት፣ ሰውም እዚያው ተቀመጠላት። ቀብሩ ላይ ማን እንደቆመ እስከ ዛሬ በወሬ ነው የምታውቀው።

በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ጥቁሩን በገዛ እጁ አያወልቅም። ዘመድ ነው የሚያስወልቀው። ዘመድ አዲስ ልብስ ገዝቶ ይመጣል፣ «ይበቃሻል» ይላል፣ ሐዘንተኛዋ ታንገራግራለች፣ ኋላ እሺ ትላለች። ይህን ወግ አከብረዋለሁ። ሰው ሐዘኑን ራሱ ይጨርሰው ቢባል ወይ ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ወይ ጨርሶ አይጨርሰውም።

እኛም እንደ ወጉ አደረግን። ሙት ዓመቱ ሲወጣ የዕድር ሴቶች በአቅራቢያችን ካሉት ከአስፐን ሂልም ከሎረልም ተሰባስበው ነጭ ልብስ ይዘው መጡ። አመስግና ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። የንስሐ አባታችን መጥተው መከሯት፤ ጉልበታቸውን ስማ ሸኘቻቸው። እኔም ገዛሁ። የእኔንም እዚያው ከሌሎቹ ጋር አጥፋ አኖረችው።

«አፈር ሲገባ ያላየሁትን ሰው እንዴት ብዬ ልተወው?» አለችኝ። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልሰጠችም።

ሠርግ ቀረች፣ ክርስትና ቀረች። ሥራዋን ትሠራለች፣ ቤቷን ትይዛለች፣ ጥቁሩን አጥባ አጥባ እየነጣ ሲመጣ ሌላ ጥቁር ትገዛለች። እኔ የፈራሁት ይህን ነበር። ሐዘን ማለፊያ መንገድ እንጂ መኖሪያ ቤት አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ እሷ ግን ገብታ የተቀመጠች መሰለኝ። ጥቁሩን እንደለበሰች እንዳታረጅ ፈራሁ።

አንድ እሑድ ማታ ልጃችን መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ሌክቸር ግን እንዳትሰጠኝ።»

ነገሩ ይህ ነው። በቨርጂኒያ ኮረብታዎች መካከል ባለ የእሽቅድድም ሜዳ በዓመት አንዴ የድሮ መኪኖች ይወዳደራሉ። የገንዘብ ሽልማት የለውም። መኪኖቹ ከፋብሪካ እንደወጡ የተጠበቁ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ይህን እንደ ሃይማኖት ይይዙታል። በዋናው ቀን ደግሞ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ግቢ የሚገባ ሰው ሁሉ የዚያን ዘመን ልብስ ይለብሳል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የስድሳዎቹን መጀመሪያ። ሽማግሌው ዳሌው ስላስቸገረው ዘንድሮ ወንበሩን ለልጄ ለቋል። የምትነዳው እሷ ናት። እኛ መጥተን እንድናያት ትፈልጋለች።

«ያልኖርሽበትን ዘመን ልብስ ለብሰሽ ማንን ልታታልዪ ነው?» አልኳት።

«ማንንም። ሁሉም ያውቃል እኮ።»

«ሁሉም ስላወቀው ውሸት መሆኑ ይቀራል?»

«አባዬ፣ ሌክቸር!»

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅሽ። በዚያ ዘመን፣ በዚያው በቨርጂኒያ፣ የእኛ ቆዳ ያለው ሰው በየትኛው በር ይገባ እንደነበር አንብበሻል?»

«አንብቤያለሁ» አለች፤ ዓይኗን አላነሳችም። «መሪውን መያዝ የፈለግሁት ለዛም ጭምር ነው።»

ጉልበቴ ላይ የነበረውን መጽሐፍ ከደንኩት።

ያኔ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ሆና፣ «እኔም እሄዳለሁ» አለች።

ሁለታችንም ዞር አልን።

«ልጄ በዛ ቆርቆሮ ውስጥ ስትበር ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልክ አልጠብቅም። አንዴ ስልክ ጠብቄ አይቼዋለሁ።» ከዚያ ጨመረች፦ «ጥቁሬን ግን አላወልቅም።»

«እማዬ፣ ኖ ፕሮብሌም! ያኔም እኮ ጥቁር ይለበስ ነበር» አለች ልጄ፤ ወዲያው አክስቷን ኮል አደረገቻት።

የእኅቴ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። «ምን? ሙሽራዬ ከቤት ልትወጣ ነው?» እኅቴ ባለቤቴን ካገባኋት ቀን ጀምሮ ሙሽራዬ እንዳለቻት አለች። «ጥቁርም ይሁን ጆንያም ይሁን እሰፋላታለሁ! ነገውኑ አምጡልኝ!»

አሌክሳንድሪያ ሄድን። የእኅቴ ሳሎን ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ መስፊያ ቤት ነው፤ ሶፋው ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ ጨርቅ ማንሳት ያስፈልጋል። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ባለቤቴን አቆመቻት።

«ወገብሽ የት ሄደ? እዚህ ነበር እኮ!»

«ሐዘን ወሰደው እትዬ።»

«ወይ ጉድ፣ ታዲያ ለኔም ትንሽ አይልክልኝም?» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ መታች። «አፌን ይቁረጠው! ምን ዓይነት ሰው ነኝ!»

ባለቤቴ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን ይሁን ልቅሶዋን እንደያዘች አላወቅሁም።

እኅቴን በልጅነቴ እንደ እናት ፈርቻታለሁ፤ ሳድግ ብዙ ጊዜ ተቆጥቻታለሁ፤ በእነዚያ ሳምንታት ግን አደነቅኋት። የዘመኑን ፎቶግራፎች ከልጄ ጋር እያየች ወረቀት ላይ ቆረጠች። ጨርቁ ቀለል ያለ ጥቁር ሱፍ ነው። ወገቡ ጠበብ፣ ከወገብ በታች ሰፋ፣ እጅጌው ከክርን ትንሽ አለፍ የሚል። አንድ ቅዳሜ ስሄድ ሰፍታ የጨረሰችውን ጀርባ መልሳ ስትተረትር አገኘኋት።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ዚፑ ፕላስቲክ ነው። በዛን ጊዜ የብረት ነበር።»

«እታለም፣ በጨርቅ የተሸፈነ ዚፕ ማን ያየዋል?»

«እኔ።»

የብረቱን ዚፕ ፍለጋ ስንት ሱቅ እንደዞረች አልነገረችኝም። ገበሩንም በእጇ ነው የሰፋችው፤ በዚያ ዘመን ጥሩ ቀሚስ ገበሩ በእጅ ይሰፋ ነበርና።

በዚያው ሰሞን ልጄ ሎረል ወዳለው የሽማግሌው ጋራዥ ወሰደችኝ። ልታዘብ ነበር የሄድኩት። ሽማግሌው ከመኪናዋ ስር ጎትቶ አስገባኝና አንድ ብሎን አሳየኝ፤ አሮጌ ነው፣ ራሱ ተበልቷል። አዲስ ከየትም በርካሽ ይገኛል፤ እሱ ግን የዚያኑ ዘመን ብሎን እስኪያገኝ ስድስት ወር መኪናዋን አላንቀሳቀሳትም።

«ማን ያየዋል?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት፤ መልሱን ቀድሜ እያወቅሁ።

ትከሻውን ሰበቀና ደረቱን በጣቱ ነካ።

ለልጄ ውሸት ነው ያልኳት ነገር ውሸት እንዳልሆነ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ገባኝ። ዋሾ ለሚታየው ይጠነቀቃል፤ እነዚህ ሰዎች ለማይታየው ነበር የሚጠነቀቁት። ተሳስቼ ነበር፤ በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ ነገርኳት። «ሪኮርድ ላድርገው፣ ድገመው» ብላ ስልኳን አወጣች። አልደገምኩትም።

ለራሴ ዊተን ካለ የአሮጌ ልብስ መደብር ግራጫ ሙሉ ልብስ ገዛሁ፣ ኮሌታው ቀጭን፣ ክራቫቱም እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ። ባርኔጣም አገኘሁ። ልጄ አየችኝና «ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ትመስላለህ» አለች። ባለቤቴ፣ «ተዋት፣ ደህና ነው» አለችኝ። ለብዙ ጊዜ ስለ አለባበሴ ያለችኝ ቃል ይኸው ብቻ ነው።

ቀሚሱ ያለቀ ዕለት ባለቤቴ ከእኅቴ መኝታ ቤት ለብሳ ወጣች። እኅቴ በጥርሷ የያዘቻቸውን ስፒሎች አወጣች። ጎትታ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ።

«ወንድሜ፣ አጥፍቻለሁ መሰለኝ።»

«ምኑን?»

«አላየሃትም? አማረባት።»

የሐዘን ልብስ እንዲያምር ተብሎ አይሰፋም። አገር ቤት ሴቶቹ ያለውን ልብስ ጥቁር ነክረው፣ ሳይተኩሱ፣ እንደተጨማደደ ነው የሚለብሱት። ማማሩ ነውር ነው። ይህን እኅቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ነገር ግን እኅቴ ክፉ አድርጎ መስፋት አትችልበትም። ጨርቅ እጇ ሲገባ ሐዘኑን ረሳችና የምታውቀውን ሠራች።

«ላበላሸው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «እዚህ ወገቡ ጋ ልልቀቀው?»

«ይሉኝታ ይዞሽ ነው እንጂ እጅሽ አይታዘዝሽም» አልኳት። ተወችው። ባለቤቴ ራሷን በመስተዋት ሳታይ ነበር ያወለቀችው።

በቀኑ ጠዋት አራታችንም በእኔ መኪና ሄድን። ልጄ ሰማያዊ ሱሪ፣ ዳማ ሸሚዝና ሻርፕ አድርጋለች። ለውድድሩ ግን ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በዘመን ልብስ ማንም አይነዳም፣ እሳት የማይበላው የዛሬ ቱታና የዛሬ ቆብ ግዴታ ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ትዝታ መልካም ነው፣ ልጅን ግን ከእሳት አያድንም። እኅቴ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍታ ለብሳለች፤ ወጥ ቢፈስብኝ ብላ ሌላ ቀሚስ በከረጢት ይዛለች። ባለቤቴ በጥቁሩ ላይ ጥቁር ጓንትና መረብ ያላት ትንሽ ጥቁር ባርኔጣ ደፍታ ኋላ ተቀምጣለች፤ እስክንደርስ ድረስ ጸሎት ነው።

ግቢው ውስጥ የገባን ጊዜ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሴት ሰላምታ ይሰጣሉ። መካኒኮቹ ነጭ ቱታ ለብሰዋል፤ ሕፃናት እንኳ የጨርቅ አሻንጉሊት ነው የያዙት፣ በእጁ ስልክ የያዘ ልጅ አላየሁም። አንድ ሽማግሌ ከእኔ ዕድሜ በላይ በሆነ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሲያስተካክል አየሁት፤ ካልሲውም የዘመኑ ነበር። ብዙ በዓላት አይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ለአንድ ነገር እንዲህ የተጠነቀቀበት ግን ከቤተ ክርስቲያን ሌላ አላስታውስም።

ሽማግሌው መኪናዋን ጭኖ ወዳመጣበት ባለ ጣሪያ ተጎታች እየሄድን ሳለ ሰዎች መንገድ መልቀቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ኋላ ግን ሁሉም የሚያዩት ባለቤቴን እንደሆነ አወቅሁ። ሌሎቹ ሴቶች አበባ ያለው፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ለብሰዋል። እሷ በመካከላቸው አንድ ጥቁር መስመር ሆና ትሄዳለች፤ ቀጥ ብላ፣ ማንንም ሳታይ። ሁለት ሴቶች እኅቴን አስቁመው ማን እንደሰፋው ጠየቋት።

«እኔ ነኝ በያቸው» አለች እኅቴ ለልጄ። «አድራሻዬንም ስጫቸው። ካርድ ባሳተምኩ ኖሮ!»

ከሰዓት በኋላ የልጄ ውድድር ደረሰ። ሃያ ያህል መኪኖች ናቸው። ባለቤቴ የአጥሩን ሽቦ በሁለት እጇ ይዛ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ልጄ ከኋላ ሆና ጀመረች፤ ከኋላ ሆና ጨረሰች። ከእሷ የፈጠነ ሲመጣባት ክንዷን በመስኮት አውጥታ በየትኛው ጎን እንደሚያልፍ እያሳየች ታሳልፈዋለች። የውድድሩ ደንብ ነው አለኝ ሽማግሌው። ማሸነፍ የማይችል ሰው ሌላውን እንዴት እንደሚያሳልፍ ብዙ ጊዜ ለልጄ ሰብኬያለሁ፤ ያን ቀን ግን በሰዓት ከመቶ ማይል በላይ እየበረረች አሳየችኝ። ስትገባ ከሦስት መኪኖች በቀር ሁሉም ቀድመዋት ነበር፤ መኪናዋ ላይ ግን ጭረት አልነበረም። ሽማግሌው አቅፏት አለቀሰ። ባለቤቴ እጇን ከሽቦው ስታላቅቅ የጓንቶቿ መዳፍ ዝገት ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ነው ድንኳኑ ስር የጠሩን። ሳናውቅ ቀኑን ሙሉ ሦስት ዳኞች በሰው መካከል እየዞሩ አለባበስ ያዩ ነበር። የአለባበሱን ሽልማት የምትሰጠው አንዲት አሮጊት፣ ዕንቁ በአንገቷ ያደረገች፣ ድምጿ ጠንካራ፣ ማይክሮፎኑን ይዛ ወደ ባለቤቴ አመለከተች። ስንቱ ሰው በቀለም ሲደምቅ ይህች ሴት ግን ጥቁር ለብሳ ሁሉንም እንደበለጠች፣ ዘመኑን እንዳስመሰለችው ሳይሆን እንደኖረችበት ተናገረች። ልጄ ልትተረጉም ስትጀምር ባለቤቴ እጇን ያዘቻት፤ ገብቷታል።

ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ባለቤቴ ወጣች፤ ትንሿን ዋንጫ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ እንደ እኛ ሰው ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ ቀና ስትል ፈገግ ብላ ነበር። ጥርሷን አየሁት።

እኅቴ ያኔ ራሷን መቆጣጠር አቃታት። «እልልልልል!» አለች፣ ድንኳኑ እስኪናወጥ። ፈረንጆቹ ድምፁን ወደዱትና ጭብጨባውን አበረቱት።

በጥቁር ልብስ ላይ እልል አይባልም። እኅቴም አፏን የያዘችው እልልታው ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ባለቤቴ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደቀረ ቆመች፤ ከዚያ ዋንጫውን ለልጄ ሰጥታ፣ ሰዎቹን በጭንቅላቷ አመስግና፣ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥታ ሄደች።

የሽማግሌው ተጎታች አጠገብ ደረስንባት። ጎማ ላይ ተቀምጣለች።

«ይቅር በይኝ ሙሽራዬ» አለች እኅቴ እያለከለከች። «አመለጠኝ። ደንቆሮ ነኝ።»

«እልልታዎ አይደለም እትዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ደስ አለኝ።» ጓንቷን እያወለቀች ተናገረች። «በሱ ልብስ ውስጥ ሆኜ ደስ አለኝ። ጭብጨባው ሲበርድ ደግሞ ትንሽ ቢቀጥሉ አልኩ በልቤ።»

«ደስታ እኮ ኃጢአት አይደለም፤ መጽሐፉም—» ብዬ ስጀምር እኅቴ፣ «አንተ ዝም በል!» አለችኝ።

ባለቤቴ ቀሚሱን ከጉልበቷ ላይ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋ አየችው፤ የሌላ ሰው ልብስ ይመስል። «ይሄ የሐዘን ልብስ አይደለም ከእንግዲህ። ጌጥ ሆኗል። ጌጥ ለብሼ ሐዘን ላይ ነኝ ብል ለማን ነው የምዋሸው? ለሱ ነው። እሱ ደግሞ ውሸት አይወድም ነበር።» ቀና አለች። «እትዬ፣ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ልብስ ምን ዓይነት ነው?»

እኅቴ ወዲያው ገባት። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

«ቢጫ ነው» አለች በፍርሃት።

«ቢጫ ብቻ?»

«ነጭ ነጥብ ነጥብም አለው።»

«እግዜር ይይልዎት።»

«የኔ ልክ ነው ደግሞ ሙሽራዬ፤ ውስጡ ትጠፊበታለሽ።»

«ያምጡት።»

ልጄ ለሽማግሌው በጥቂት ቃል ነገረችው። ምንም አልጠየቀም። የተጎታቹን በር ከፈተ፣ መፍቻና ጣሳዎቹን ወደ ጥግ ገፋ፣ ንጹሕ ጨርቅ መሬቱ ላይ አነጠፈ፤ ወጥቶም በሩ አጠገብ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። እሱም ሚስቱን የቀበረ ሰው ነው።

ወጉ ዘመድ ያስወልቃል ይላልና እኔም ገባሁ። ቤንዚን ይሸታል። እኅቴ የብረቱን ዚፕ ከላይ እስከ ታች አወረደችው። «ይበቃሻል» አለቻት። «ወንድምሽን እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ያኑረው። አንቺን በደስታ ይለውጥሽ።» እኔም አልኩ፤ አጭር አድርጌ። ባለቤቴ እንደ ወጉ ትንሽ እንኳ አላንገራገረችም። ግን አለቀሰች፤ በመርዶው ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም፤ ወንድሟን በስሙ እየጠራች። ውጭ የሚቀጥለው ውድድር ሞተሮች ተነሥተው ነበርና ከእኛ በቀር ማንም አልሰማም።

ስትወጣ ቢጫው ቀሚስ ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ተሰብስቧል፣ ትከሻው ወርዷል፣ ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደርሷል። እውነቱን ልናገር፦ አላማረባትም።

ልጄ አየቻት። «እማዬ… ዩ ሉክ…» ብላ ጀመረች።

«ሙዝ መስያለሁ፣ አውቃለሁ» አለች ባለቤቴ። ቀድማ የሳቀችውም ራሷ ናት።

ዕንቁ ያደረገችው አሮጊት ስታልፍ ቆማ አየችን፤ ያን የመሰለ ቀሚስ ለምን እንደተወለቀ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፣ የባለቤቴን ዓይን አየችና ሳትጠይቅ እጇን ጨብጣት ሄደች። ይህንንም አደነቅሁ። መጠየቅ የሚገባውን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ መጠየቅ የማይገባውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የዚያን ቀን ባለቤቴ በቢጫው ቀሚስ ግቢውን ዞረች፤ በቆሎ በላች፤ የልጇ መኪና ውስጥ ተቀምጣ መሪውን ያዘች። ስለ ጥቁሩ ቀሚስ ከጠየቁት ሴቶች አንዷ ልትገዛው አራት መቶ ዶላር አቀረበች። እኅቴ በልጄ አፍ፣ «የሐዘን ልብስ አይሸጥም፤ ይሰጣል» ብላ አጣጥፋ በነጻ ሰጠቻት። ሴትየዋ ገንዘቡን እንደያዘች ቀረች። በሳምንቱ እሑድ ባለቤቴ ከቁም ሳጥኑ የዕድር ሴቶቹን ነጭ ልብስ አውጥታ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ደስታን አውርቶ ዋጋውን የሚደብቅ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው ብዬ ስለማምን ሒሳቡን እጽፋለሁ። እኅቴ ለጨርቅ፣ ለዚፕ፣ ለባርኔጣና ለጓንት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር አወጣች፤ የእጇን ዋጋ ማንም እንዲያነሳ አልፈቀደችም። እኔ ለልብሴ ስድሳ አራት፣ ለሦስታችን መግቢያ መቶ ሠላሳ አምስት፣ ለቤንዚን አርባ ስምንት ከፈልኩ። ልጄና ሽማግሌው ለውድድሩ መመዝገቢያ ሦስት ሦስት መቶ አዋጡ፤ ልጄ ለልብሷ ዘጠና ጨመረች። ባለቤቴ ከሥራ በመቅረቷ የአንድ ቀን ደመወዟን፣ መቶ ሃምሳ ስድስት ዶላር አጣች። ለሁላችንም ተደምሮ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አምስት ዶላር።